ምዕራፍ ሰባት፦ ደህና ሆኖ ሳለ ለምን አቆመው?

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መነሣቱ አይቀርም። «ደህና ሆኖ ነበር እኮ! እንቅልፉ ተስተካክሎ፣ ሥራ ይዞ፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ጀምሮ። ምን ነክቶት ነው መድኃኒቱን ያቆመው?» እናት ትጠይቃለች፤ ነርሷ ትጠይቃለች፤ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። መልሱም ወዲያው ይደርሳል። አንዱ «እልኸኛ ነው» ይላል። ሌላው «አለማወቅ ነው፤ ቢገባው ኖሮ አያቆምም ነበር» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እሱ ምን ያድርግ፣ የያዘው ነገር አልለቅ ብሎት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ታማሚውን ራሱን የጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ባለፉት ምዕራፎች ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ምን ዓይነት ሕመሞች እንደሆኑ አይተናል። እዚህ የምንነጋገረው ከሕመሙ ጋር ዓመት ከዓመት ስለሚኖረው ሰው ነው። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ውሳኔው ጎጂ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ጎጂ ነው። ነገር ግን ከውሳኔው ጀርባ ውኃ የሚያነሣ ምክንያት አለ። ያ ምክንያት እስካልታወቀ ድረስ ምክርም ቁጣም ክኒኑን ወደ አፉ አይመልሰውም።

ነገሩ አለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በትምህርት የገፉ አገሮች ከችግሩ በተገላገሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ1,400 በላይ የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎችን እስከ 18 ወር ድረስ ተከታትሏል። መድኃኒቱ ይቀርብላቸዋል፤ ሐኪም በየጊዜው ያያቸዋል። እንዲያም ሆኖ ከመቶው 74ቱ ጊዜው ሳይሞላ የጀመሩትን መድኃኒት አቁመዋል ወይም በሌላ ቀይረዋል። ገሚሱ አልረዳኝም ብሎ፣ ገሚሱ ጎንዮሽ ጉዳቱን መቻል አቅቶት፣ ብዙው ደግሞ በገዛ ውሳኔው ነው። ስለዚህ ስለ ሕመሙ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው እንኳ ለምን እንደሚያቆም እንይ።

ሁሉን የምታውቀው ታማሚ

ኬይ ሬድፊልድ ጄሚሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል ረዳት ፕሮፌሰር ሆና ተቀጠረች። ዕድሜዋ ገና 28 ነበር። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ራቃት። አሳቧ መብረር ጀመረ፤ ንግግሯን የሚከተል ሰው ጠፋ፤ ገንዘብ በእጇ አልበረክት አለ። ባይፖላር የሚባለው ሕመም አንዱ ጫፉ እንዲህ ነው፤ ማኒያ ይባላል። ሌላው ጫፍ ደግሞ ከአልጋ መነሣት የሚያቅትበት፣ መኖር ራሱ ሸክም የሚሆንበት ድባቴ ነው።

ከማኒያዋ ቀናት አንዱን ራሷ ጽፋዋለች። መድኃኒት ቤት ገብታ የመጀመሪያውን የሊቲየም ማዘዣዋን ታስሞላለች። በዚያው እግሯ የእባብ ንክሻ መከላከያ ሳጥኖች ትገዛለች። አንድ ወይም ሁለት እንዳይመስላችሁ፤ አሥራ ሁለት! አካባቢው በእባብ ሊወረር ነው፣ እኔም ሰውን ላድን ተጠርቻለሁ የሚል አሳብ አድሮባታል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሊቲየሙን አሁን ለክቶ የሰጣት ሰው ነውና ነገሩ ገብቶት ፈገግ እያለ ሒሳቡን ይቀበላል። ሕመሙና መድኃኒቱ በአንድ ከረጢት ገብተው ወጡ ማለት ነው። ማኒያው ሲበርድ የቀረው ዕዳ ነበር። የኢኮኖሚ ባለሙያ የሆነው ወንድሟ አገር አቋርጦ መጥቶ የዕዳ ወረቀቶቿን አብሯት ደረደረ፤ በስሙ ተበድሮም ከፈለላት።

ይህች ሴት ሊቲየም እንደሚሠራ መጽሐፍ አገላብጣ ታውቃለች። ታማሚዎቿንም እንዲወስዱ ትመክራለች። እሷ ግን ለዓመታት ስትጀምርና ስታቆም ኖረች።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ሊቲየም የነጠቃት ነገር ነው። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ያቅለሸልሻታል። ከሁሉ የከፋው ግን ማንበብ አቃታት። ከልጅነቷ ጀምሮ መጽሐፍ ስትውጥ ያደገች፣ እንጀራዋም በንባብ የሆነ ሰው አንድን አንቀጽ ደጋግማ አንብባ ምን እንዳነበበች አታውቅም። ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ጠንከር ያለ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አልቻለችም። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ለአስታማሚ ለመስማት የሚከብድ ነው፤ ማኒያው ናፈቃት። መጀመሪያ ላይ፣ ነገር ሳይበላሽ፣ ማኒያ ድካም የማይታወቅበት፣ አሳብ እንደ ልብ የሚፈስበት፣ ዓለም ሁሉ የሚያምርበት ጊዜ ነው። «ተሻለሽ» የሚሏት ሰዎች ለእሷ ከራሷ የደበዘዘችውን ሴት ነበር የሚያመሰግኑት። ሦስተኛው የቅርብ ሰው ቃል ነው። እህቷ ሊቲየም መውሰዷን እንደ ሽንፈት ቆጥራ ትነቅፋት ነበር። «ጠንካራ ከሆንሽ ያለ መድኃኒት ትወጪዋለሽ» የሚለው ምክር የእኛ አገር ብቻ አይደለም።

ዋጋው ከባድ ነበር። ካቆመች በኋላ ማኒያው ተመለሰ፤ ማኒያውን የተከተለው ድባቴም ከቀድሞው ባሰ። ራሷን ለማጥፋት እስከ መሞከር አድርሷት ከሞት አፋፍ ተመልሳለች።

እዚህ ላይ ስለ ሊቲየም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ሊቲየም ከመሬት የሚወጣ፣ የጨው ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ማኒያ ላለባቸው አሥር ታማሚዎች ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። አሜሪካ በይፋ የፈቀደችው ግን በ1970 ነው። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ገደማ ከሆነ ይጠቅማል፤ ከ1.5 ካለፈ መመረዝ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ደም በየጊዜው መመርመር አለበት። ኩላሊት ደግሞ ሊቲየምን እንደ ጨው ነው የሚያስተናግደው፤ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ሊቲየሙንም ይዞ ያስቀራል። በተቅማጥ፣ በሐሩር ሥራ ወይም ውኃ ሳይቀመስ በሚዋልበት ጾም ጊዜ ያው ክኒን፣ ያው መጠን በደም ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። ሊቲየም የሚወስድ ጿሚ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ማማከር ያለበት ለዚህ ነው።

የጄሚሰን ነገር የተፈታው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ለዓመታት አንድ ሐኪም ሳይሰለች ሰማት፤ የንግግር ሕክምናውና ሊቲየሙ ጎን ለጎን ሄዱ። ሁለተኛው፣ ከጊዜ በኋላ መጠኑ ተቀነሰ፤ ንባቧም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ስለዚሁ ሕመም ዳጎስ ያለ የሕክምና መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1995 ደግሞ የራሷን ታሪክ ለሕዝብ ገለጠች። መድኃኒቱን ስታቆም የኖረችው ሴት ትናገረው የነበረው ነገር በከፊል እውነት ነበረው ማለት ነው፤ መጠኑ በዝቶባት ነበር።

ማቆም ቀድሞ ይሸልማል፣ ዘግይቶ ይቀጣል

ሁለተኛዋ ሴት የሕግ ሰው ናት። ኤሊን ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1977 ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ኦክስፎርድ ለከፍተኛ ትምህርት ሄደች። እዚያው ሕመሙ ጠናባትና ሆስፒታል ገባች። ቆይታ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስትማር አንድ ሌሊት ከጓደኞቿ ጋር ከቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ ወጥታ ነገሯ ሁሉ ተዘበራረቀ። ከዚያም ሆስፒታል ተወስዳ እጅና እግሯ ከአልጋ ጋር ታሰረ። ስኪዞፍሬንያ ነው ተባለች። ብዙ የመዳን ተስፋ እንደሌላትም ተነገራት። ይህች ሰው ዛሬ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የሕይወት ታሪኳን አሳትማለች።

ሳክስም እንደ ጄሚሰን መድኃኒቷን ለዓመታት ስትቀንስና ስታቆም ኖራለች። የእሷ ምክንያት ግን ሌላ ነው። በእሷ አስተሳሰብ የክኒኑ ብዛት የጉድለቷ መለኪያ ነበር። ጥቂት በወሰደች ቁጥር ጤነኛ፣ ጨርሶ ባቆመች ቀን ደግሞ መጀመሪያውኑ ያልታመመች ሆና ትወጣ ዘንድ ተስፋ ታደርግ ነበር። ማቆሙ ለእሷ ፈተና ነው፤ ካለፈችው «በሽተኛ አይደለሁም» ማለት ነው። በየጊዜው ወደቀች፤ በየጊዜው ደግሞ «በደንብ ስላልሞከርኩ ነው» አለች።

ይህን ሙከራ አታላይ የሚያደርገው የመድኃኒቱ አሠራር ነው። የመጀመሪያው የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ አገልግሎት ላይ ዋለ። ከእሱ ወዲህ የመጡት፣ በአገራችን የሚታወቁት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ጭምር፣ ዋና ሥራቸው ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ የሚያርፍበትን በር መዝጋት ነው። በዚያ በር መዘጋት የሚሰሙት ድምፆች ይረግባሉ፤ ሰው ሁሉ ያሳድደኛል የሚለው ጥርጣሬ ይላላል። ነገር ግን ዶፓሚን የሰውነትን እንቅስቃሴ፣ የደስታን ስሜትና ተነሣሽነትንም ያገለግላል። ስለዚህ ጡንቻ ይደርቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዱ መቀመጥ አቅቶት ቤቱን ሲመላለስበት ያድራል። አንዳንዱ ከትዳር ጓደኛው ጋር መተኛት ይሳነዋል፤ ይህንንም ለሐኪም ማውራት ያፍራል።

እንግዲህ ይህ ሰው ክኒኑን አቆመ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ምን ይሆናል? መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ ድብታው ይለቃል፤ ምግብ ይጣፍጣል፤ ወንድነቱ ይመለሳል። ሕመሙ ግን በዚያው ሳምንት ላይመለስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገረሸው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ሰውየው በገዛ አካሉ ያየው ነገር «ሳቆመው ተሻለኝ» የሚል ነው፤ ውሸትም አይደለም። ሕመሙ ከአራት ወር በኋላ ሲነሣበት ካቆመው ክኒን ጋር ማን ያያይዘዋል? በመካከል ከአለቃው ጋር ተጣልቷል፤ ዘመድ ሞቷል፤ ክፉ ዓይን አይቶታል።

ቁጥሩ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ60 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳገኘው፣ መድኃኒት ከቀጠሉት የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ከመቶ 27ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ አገረሸባቸው፤ በባዶ ክኒን ከተተካባቸው ደግሞ 64ቱ። ልዩነቱ ግዙፍ ነው፤ ለመቀጠል ይህ በቂ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን በሌላ ጎኑም አንብቡት። በአግባቡ እየወሰዱ የሚያገረሽባቸው አሉ። አቁመውም ዓመቱን በሰላም የጨረሱ አሉ፤ ሠፈር ውስጥ ምስክር ሆነው የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። «እገሌ ትቶት ምን ሆነ?» ለሚል ሰው «ካቆምክ ያለቀልህ ነው» ብሎ መመለስ አያሳምነውም፤ አይቶታልና።

ሳክስ የተረጋጋችው ሁለት ነገር ሲገጣጠም ነው። የሚስማማትና ሰውነቷን ብዙም የማያስጨንቅ መድኃኒት ተገኘላት፤ እሷም ክኒኑን እንደ ማንነቷ ፍርድ ማየት ተወች። ሕመሙን ከተቀበለች በኋላ ሕመሙ በሕይወቷ ላይ ያለው ሥልጣን እንደቀነሰ ትናገራለች።

የቡታጅራ መልስ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ቡታጅራ በዓለም የሥነ አእምሮ ጥናት ውስጥ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በአካባቢዋ ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ቤት ለቤት አይተው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ፤ ለዓመታትም ተከታተሏቸው። አሥር ዓመት የተከታተሏቸው 919 ሰዎች ታሪክ ልብ ይሰብራል። 121ዱ ሞተዋል፤ የሞቱትም ዕድሜያቸው ሊደርስበት ከሚገባው ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። የአእምሮ ታማሚ ሲሞት ሰው የሚያስበው አደጋን ወይም ራስን ማጥፋትን ነው፤ እነዚያም ነበሩ፤ ግን የሚበዛው ማንም ድሃ በሚሞትበት ሞት፣ ከማንም ቀድሞ መሞት ነው።

በዚያው አካባቢ ተመራማሪዎች ታማሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ባለሙያዎችን «መድኃኒት ለምን ይቋረጣል?» ብለው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙ። ብዙው መልስ ከአሜሪካው ጋር ይመሳሰላል፦ ጎንዮሽ ጉዳት፣ ለውጥ አለማየት፣ የሰው አፍ፣ የባለሙያ ማመናጨቅ። አንድ መልስ ግን በሀብታም አገር ጥናት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ እሱም ረሃብ ነው።

ብዙዎቹ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን ይከፍታሉ። በሀብታም አገር ይህ የውፍረትና የስኳር በሽታ ጉዳይ ነው። አሁን የክረምት መግቢያን አስቡ፤ እህል ከጎተራ ያለቀበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ማታ ክኒኑን ውጦ ያደረ ልጅ ማለዳ ሆዱ እየተናጠ ይነሣል። እናቱ ያላትን ቆጮ ለስድስት ቆርሳ ታቀርባለች። እሱ የድርሻውን ጨርሶ የታናናሾቹን ያያል። ይጠይቃል፤ ትጨምርለታለች፤ የጨመረችው ከራሷ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ነገሩ ይገባዋል። አንዱ እያወቀ ክኒኑን ከምላሱ ሥር ይሸሽገዋል፤ የሌላው እናት ራሷ «ትንሽ እናቆየው» ትላለች። እንዲህ ባለ ቤት «መድኃኒትህን አታቋርጥ» የሚል ምክር የሚበላ ነገር ካልጨመረ ግማሽ ምክር ነው። በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ መኖሩ ለሚረሳ ሰው መልካም ነው፤ ረሃቡን ግን አያስታግስም።

መንገዱም አለ። አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። አንድ ታማሚ ለማምጣት ሁለት ሰው አብሮ ይመጣል፤ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ የተተወ እርሻ አለ። የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ የሚደረገው ጥረት ብዙ «እልኸኞችን» ታዛዥ ሊያደርግ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠበሉና ክኒኑ

በእኛ አገር መድኃኒት ከሚቋረጥባቸው ጊዜያት አንዱ የሱባኤ ጊዜ ነው። ታማሚው ጠበል ቦታ ይወሰዳል፤ አንዳንድ ቦታ ክኒን ይዞ መግባት ይከለከላል፤ ሌላ ቦታ የሚከለክል ባይኖርም ቤተሰቡ ራሱ «ሁለት ልብ ይሆንብናል» ብሎ ያስቀረዋል። ጠበል ቦታ የሚሰጠው ነገር ቀላል አይደለም፤ ሰው አብሮ ያድራል፣ ይጸልያል፣ ታማሚውን ጥፋተኛ አያደርገውም፣ ተስፋ አይቆርጥበትም። እነዚህ ብዙ ሆስፒታሎች የሌሏቸው ነገሮች ናቸው።

ችግሩ የጊዜው አቆጣጠር ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው መድኃኒት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለል ይለዋል፤ ሱባኤው ደግሞ በዚያው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ሰውየው ፊቱ በርቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ክኒኑ አያስፈልግም ይባላል። ይህን የምለው የጠበሉን ኃይል ለመካድ አይደለም፤ ሁለቱን ማጣላት ያመጣውን መዘዝ ለማሳየት ነው። ማስታረቅ እንደሚቻል በሌላ በሽታ አይተናል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለአእምሮ ሕሙማን አንድ አጥማቂ ካህን «ክኒንህን ውጠህ ና» ቢል የአሥር ባለሙያ ምክር ያህል ይሠራል።

እንዴት እንጠይቅ?

አንዳንድ ታማሚ መታመሙን ጨርሶ አያይም። ይህ ክህደት ወይም እልኸኝነት አይደለም፤ ሕመሙ ራስን የማየት ችሎታን ሲነካ የሚመጣ የሕመሙ አካል ነው። ዣቪየር አማዶር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወንድሙ ስኪዞፍሬንያ ነበረበት። ለዓመታት «ታመሃል» እያለ ሲከራከረው ኖሮ ያተረፈው ቅያሜ ነበር። ኋላ ላይ ክርክሩን ትቶ መስማት ጀመረ፤ የወንድሙንም ሐሳብ ሳያርም ደግሞ ይነግረዋል፤ ከዚያ ሁለቱም የሚስማሙበትን ነገር ይፈልጋል። ወንድሙ «በሽተኛ ነኝ» ባይልም ሆስፒታል መመለስ እንደማይፈልግ ያምናል፤ ስምምነቱ ከዚያ ይጀምራል። አማዶር ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ለቤተሰቦች አስተምሯል።

ስለዚህ አስታማሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ክኒኑ ከሰጠህ ይልቅ የወሰደብህ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። እንቅልፍ ነው? ምግብ ነው? አልጋ ነው? ሥራ ነው? የሰው ዓይን ነው? መልሱ ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ መጠን ይቀነሳል፣ ሰዓቱ ከጠዋት ወደ ማታ ይዛወራል፣ መድኃኒቱ ይለወጣል። መቀነስ ካስፈለገም ቀስ እያለ፣ ሐኪም እያወቀው ይሁን፤ ሊቲየምን በአንድ ቀን ማቆም በተለይ ማገርሸቱን ያፋጥነዋል።

ሁለተኛው ነገር በጤና ጊዜ የሚደረግ ውል ነው። ጄሚሰን ይህን አድርጋለች። ድባቴው ዳግመኛ ቢጠናባትና እምቢ ብትል እንኳ ሆስፒታል እንድትገባና አስፈላጊው ሕክምና እንዲሰጣት ሐኪሟና ቤተሰቧ መወሰን እንዲችሉ፣ ልቦናዋ በተረጋጋበት ጊዜ ራሷ ተስማምታለች። በእኛም አገር ውል ማሰር፣ ሽማግሌ ማስቀመጥ የምናውቀው ሥራ ነው። ታማሚው ደህና በሆነበት ሰሞን ከሚያምነው ሰው ጋር ይቀመጥ፤ ከተቻለ ነርሱ ወይም የንስሐ አባቱ ይኑሩ። ሕመሙ ሊመጣ ሲል የሚታየው የመጀመሪያ ምልክት ይጻፍ፦ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ይሁን፣ በር መዝጋት ይሁን፣ ገንዘብ መበተን ይሁን። ያን ጊዜ ማን እንደሚያናግረው፣ የባንክ ደብተሩን ማን እንደሚይዝ፣ ወደ የትኛው ጤና ተቋም እንደሚወሰድ፣ ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚያድሩ ይወሰን። በገመድ እንዳይታሰር ይጻፍ። አንገቱን ያደረቀው፣ ቀን ያስተኛው መድኃኒት የትኛው እንደነበርም አብሮ ይስፈር፤ ያንን ከሐኪሙም ከእናቱም በላይ የሚያውቀው እሱ ነውና።